ሲሞቅ የሚጠፋው ጀልባ

ባለፈው ሰኔ ከሲያትል ተነስቼ አይዳሆ ሉዊስተን ድረስ የነዳሁት ያገለገለ ጄት ጀልባ ልገዛ ነው። ሚስቴ እስካሁን ታላግጥብኛለች፣ የጣና ልጅ ታንኳ ናፍቆት አምስት ሰዓት ተኩል ነድቶ አሮጌ ብረት ጎትቶ መጣ ትላለች። አብረውኝ የሄዱት ጋሼ ናቸው፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያረጁ መካኒክ።

ስኖኳልሚን አልፈን ቫንቴጅ ላይ ኮሎምቢያን ተሻገርን፣ ከዛ ወዲያ ፓሉስ የሚሉት የስንዴ አገር ነው፣ ጉብታው ሁሉ አረንጓዴ፣ ጋሼ "ይሄማ ባሌ ነው" አሉ። መጨረሻ ላይ መንገዱ ወደ 2000 ጫማ ቁልቁል ይወርዳል፣ የአባይ በረሃን የወረደ ሰው ያውቀዋል፣ በወረድክ ቁጥር ሙቀቱ ፊትህን ይጠብስሃል። ሉዊስተን ታች ናት፣ ከባህር 465 ማይል ርቃ ወደብ ናት ብትባል ታምናላችሁ?

ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ጀልባው አሉሚኒየም፣ ሞተሩ ቪ8 ባለ 5.7 ሊትር፣ 11,500 ዶላር ነው ያሉት። የጓሮ ጎማ ሰክተው ውሃ ለቀቁለትና በአንድ ቁልፍ ተነሳ፣ እኔ ብሬን ላወጣ ስል ጋሼ ክርኔን ያዙኝ። "ውሃ ላይ ሳይሞቅ ሳንቲም እንዳታወጣ።"

እዛው አጠገብ ስኔክ ወንዝ ዳር ያለች አሶቲን የምትባል ከተማ ላይ ውሃ ውስጥ አወረድነው። መጀመሪያ የሞተር ክፍሉን አየር የሚያወጣውን ፋን 4 ደቂቃ ማስኬድ አለብህ፣ የቤንዚን ትነት ታች ስለሚጠራቀም፣ ከዛ ወደ ላይ ተፈተለክን። ጄት ጀልባ ውጭ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የለውም፣ ውሃውን ከሆዱ ስር ስቦ በኋላው ይተፋል፣ ለዛ ነው ድንጋይ ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚሄደው፣ ቢል ሃሚልተን የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነው በ1950ዎቹ ለነሱ ጥልቀት የለሽ ወንዞች የሠራው። እና 25 ደቂቃ እንደሄድን ቀጥ አለ። አልተንተፋተፈም፣ አላሳለም፣ ዝም።

የማላውቀው ነገር ምን መሰላችሁ፣ የሚጠመዝዘው የሚተፋው ውሃ ስለሆነ ሞተር ሲጠፋ መሪም አብሮ ይጠፋል! መሪውን አዞራለሁ ጀልባው ወንዙ ወዳለው ይሄዳል። ስኔክ ወንዝ በጎን በጎናችን እያሽከረከረ ወደ አሶቲን መለሰን፣ ያለን አንድ መቅዘፊያ ነው፣ ያኔ ነው ታንኳ የናፈቀኝ።

ሽማግሌው "ቤንዚኑ ቆይቶ ይሆናል" አሉ። ጋሼ ሳቁ። "ቤንዚን ሲሆን ያስለዋል፣ እንዲህ ባንዴ ከሞተ እሳት ነው፣ የካንዴላው ብልጭታ።" ክዳኑን ከፍተው ትነቱ እስኪወጣ ጠብቀው የካንዴላ ገመድ ነቅለው ሞከሩ፣ እሳት የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀዘቅዝ እሳት መጣ፣ ተነሳ። እንደገና ሲሞቅ እንደገና ጠፋ። እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ክዳን ሲያነሱ፣ ውስጡ ከሚሽከረከረው ሮተር ስር ያለችው፣ እሳቱን የምታዝዘው ባለ አራት ፒን ሞጁል ከስሯ ደረቅ ናት፣ ሙቀቷን ወደ ብረቱ የሚያሳልፍላት ቅባት ጭራሽ አልተቀባም። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ፣ አታላይ አልነበሩም ለካ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቦራቶር ሲቀይሩ ነው የኖሩት።

8,000 ተስማማን። መለዋወጫ ሱቅ ሳይዘጋ ሞጁልና ትንሽ ቱቦ ቅባት ገዛን፣ ጋሼ ሽማግሌው ግቢ ውስጥ ገጠሟት፣ ግን ዲስትሪቢውተሩን ራሱን በመኪና ዕቃ እንዳትቀይር ብለው አስጠንቅቀውኛል፣ የጀልባው ብልጭታው ወደ ውጭ አምልጦ የቤንዚኑን ትነት እንዳያቀጣጥል ተደርጎ ነው የሚሠራው። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ነዳነው፣ ንቅንቅ የለም፣ ከፈልኩ።

ስንመለስ ያንን ዳገት ጀልባ እየጎተትን ስንወጣ ጋሼ ዳሽቦርዴን አጎንብሰው አዩና "አሁን ደግሞ ያንተ መኪና ነው የሚሞቀው፣ ኤሲውን አጥፋ" አሉኝ። መስኮት ከፍተን በዛ ሙቀት ጫፍ ደረስን።