ታይላሲንና ቦጎንግ

ሰሞኑን ሁለት የአውስትራሊያ ፍጥረታት ከጭንቅላቴ አልወጣ ብለውኛል። አንዱ ታይላሲን ነው፣ ብዙ ሰው የታዝማኒያ ነብር የሚለው። ነብር እንኳ አይደለም፤ ስሙን ያወጣለት ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር ሸንተረር ነው። ሲያዩት ውሻ ይመስላል፣ ሴቷ ግን እንደ ካንጋሮ ልጇን በኪሷ ነበር የምታሳድገው። ሌላዋ ቦጎንግ የምትባል ቡናማ የእሳት እራት ናት።

ሁለቱም በገበሬ ዘንድ ጠላት ነበሩ። የቦጎንግ አባጨጓሬ ቡቃያ ይቆርጣል። ታይላሲን ደግሞ በግ ፈጀ ተባለ፣ ወሬው ቢጋነንም። የአውስትራሊያዋ ደሴት የታዝማኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1909 ለአንድ የጎለመሰ ታይላሲን ሬሳ 1 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ መዝገቡ ላይ 2,184 ክፍያ ሰፍሯል። የመጨረሻው ታይላሲን ሆባርት ከተማ መካነ አራዊት ውስጥ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1936 ሞተ። የሚያበሽቀኝ፣ እንዳይገደል በሕግ የተከለከለው ከዚያ 59 ቀን ብቻ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ለቦጎንግ ግን ደረሰኝ የቆረጠ የለም። በቢሊዮን የሚገመትን ነገር ማን ይቆጥራል? ከደቡብ ኩዊንስላንድና ከአካባቢው ሜዳ ተነስታ፣ ሌሊት ሌሊት እየበረረች፣ በከዋክብትና በመሬት መግነጢሳዊ ኃይል እየተመራች፣ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛ፣ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው የአውስትራሊያ አልፕስ ተራሮች ዋሻ ውስጥ ትገባለች። በጋውን እዚያ ነው የምታሳልፈው። ግድግዳው ላይ አንዷ ጭንቅላቷን ከፊቷ ባለችው ክንፍ ስር ወሽቃ ትተኛለች፤ በአንድ ካሬ ሜትር 17,000 ገደማ ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ ድርቅ በኋላ ዋሻዎቹ ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። በ2021 ቦጎንግ ለመጥፋት የተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገባች። ጉዳቱን አጉልቶ ያሳየው ደግሞ ሌላ ባለኪስ እንስሳ ነው፣ አይጥ የምታክለው የተራራ ፖሰም። ከረጅሙ የበረዶ ወቅት እንቅልፏ ስትነቃ የምትመካው በነዚህ የእሳት እራቶች ነው። እነሱ ሲቀሩ ግልገሎቿ ኪሷ ውስጥ እንዳሉ በረሃብ አለቁ።

ይቺው ፖሰም ከቅሪተ አካል ብቻ ነበር የምትታወቀው፤ በ1966 የበረዶ ሸርተቴ ማረፊያ ቤት ውስጥ በሕይወት ተገኘች። ታይላሲን አለ ብለው እስካሁን ጫካ ውስጥ ካሜራ የሚተክሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ልባቸው ይሞቃል መሰለኝ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ካሜራውን ዋሻዎቹ ውስጥ ቢተክሉት ይሻላል።