ካቤርኔ ከዶሮ ወጥ ጋር? ተዉት

የፋሲካ ዕለት ባዶ እጄን አማቶቼ ቤት አልሄድም ብዬ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዤ ሄድኩ። ድሮ የማውቀው ጉደርን ብቻ ነበር። ይሄኛው ግን ካቤርኔ ሶቪኞ ነው፤ ወይኑ ዝዋይ የተተከለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ከወጡት የሪፍት ቫሊ ወይኖች አንዱ። ከሥራ ስወጣ ኮምቦልቻ ገዛሁት። ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር።

ቤት ስንደርስ የቡሽ መክፈቻ የለም። ቡሹን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋነው፤ ፍርፋሪውን በሻይ ማጥለያ አጠለልን። ዶሮ ወጡ ቀረበ። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ፉት። አማቴ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር በርበሬውን አነደደው እኮ!" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የእኔም ጉሮሮ እየነደደ ነበር። ጥፋቱ ግን የወይኑም የዶሮውም አይደለም፤ ያጋባኋቸው እኔ ነኝ።

ከባድ ቀይ ወይን ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ከወይኑ ልጣጭና ዘር ነው የሚመጣው። እሳት ላይ ተረስቶ የጠቆረ ሻይ ስትጠጡ ምላስና ድዳችሁ ድርቅ ይላል አይደል? እሱ ነው። አልኮሉም ብዙ ጊዜ 13፣ 14 በመቶ ይደርሳል። አልኮል ደግሞ የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። ለዶሮ ወጥ ጣፋጩ አክሱማይት ይሻላል። ጥሩ ጠጅ ካለማ ምን ወሬ አለው።

በሌላ ቀን የሐይቅ አሳ ጥብስ ሞከርኩ። ይሄ ባሰ። አሳውና ወይኑ አፌ ውስጥ ሲገናኙ ሚስማር የላስኩ መሰለኝ። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ነው ከአሳ ጋር የማይስማማው። ለአሳ ነጭ ወይን፣ ወይ ቢራ። አለቀ።

እና ምን ይበላ? ሥጋ፣ ስብ ያለው ሥጋ። ታኒን ፕሮቲን ላይ መጣበቅ ይወዳል። ሥጋ ሲያገኝ ምራቃችንን ይተዋል፤ ድርቀቱ ይለሰልሳል፤ ስቡም እንዲሁ አፍ ላይ ሳይከብድ ይወርዳል። ፒያሳ ካለው ሥጋ ቤት አንድ ኪሎ ጎድን ከነጮማው አስቆረጥኩ። ሻኛ ጣል አደረገልኝ፤ ደንበኛ ነኝ። በሸክላ፣ በሽንኩርት፣ በጨው። በርበሬ የለም፤ አዋዜው ለፈለገ ሰው በዳር ትንሽ። ዋናው ምስጢር የጥብስ ቅጠሉ ነው። እሳቱ ሊወርድ ሲል ሁለት ዘለላ ይጣልበታል፤ ያ ሽታ ከካቤርኔ ጋር አንድ እናት የወለዳቸው ነው የሚመስለው። ሲራ የሚባለውም ወይን እንደዚሁ። የበግ አልጫም ቅባቱ ካልተቆጠበ ይሄዳል። አይብ ግን አትሞክሩ፤ ወይኑ ይውጠዋል።

ስለ ሙቀት ደግሞ እኛ ደሴዎች ታድለናል። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይወዳል ይባላል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ቁጭ ብለን፣ ከጦሳ ተራራ ብርዱ እየወረደብን፣ ቁምሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ሞቆ ሲጠጣ አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫ የሚመታው።

ባለፈው እሑድ አማቴን ቤት ጠራኋቸው። መክፈቻ ገዝቻለሁ። ጥብሱ እየተንጫጫ ቀረበ። ጎረቤታችን ወይን ስለማይነካ ለእሱ ቡና ተፈላለት። አማቴ ጎረሱ፣ ፉት አሉ፣ ዝም አሉ። ደግመው ፉት አሉ።

"ይሄስ ለስላሳ ነው። የዛን ዕለቱ ምን ነበር?"

"ያው ነው እማማ።"

አላመኑኝም። መነጽራቸውን አድርገው ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት።