«69» የሚል ካሴት

ኢንተርንሺፕ ውጡ ስንባል ጓደኞቼ ባንክ ገቡ። እኔ ሱሉልታ፣ አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ታሪክ ሙዚየም ደረሰችኝ። ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ እንጦጦን ስሻገር ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን መኪና አያሳይም። ብርዱንማ ተዉት።

መጀመሪያ ያበላሸሁት በገናውን ነው። አቧራውን አራግፊ ተባልኩ። ብርኩማው ላይ (አውታሮቹ የሚያርፉበት እንጨት ነው)፣ ከየአውታሩ ሥር ቁርጥራጭ ቆዳ ተወሽቋል። ቆሻሻ መሰለኝና አንድ በአንድ ነቅዬ ጣልኩት። ከሰዓት ኃላፊያችን ጋሼ መጥተው አንዱን አውታር ነካ አደረጉት። ያ ሆድ የሚያባባው ንዝረት የለም፤ ጭል ያለች ድምፅ ወጣች።

«እንዚራውን የት አደረግሽው?»

ለካ የበገና ድምፅ እንደዚያ የሚነዝረው በዚያች ቆዳ ነው። 10 አውታር፣ 10 እንዚራ። ከቅርጫቱ ስምንቱን አገኘሁ። ሁለቱን ጋሼ ከአሮጌ ቀበቶ ቆርጠው ሠሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ካሴቶቹ ተዛወርኩ። እዚህስ ምን አጠፋለሁ? የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ አጠነጥናለሁ፣ ስፖንጁ የወደቀውን ለብቻ አስቀምጣለሁ፣ መረጃውን ኮምፒውተር ላይ እሞላለሁ። ፎርሙ ዓመቱን የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ካሴቱ ላይ በእጅ «69» ተብሎ ከተጻፈ 1969፣ «71» ከሆነ 1971 እያልኩ ነጎድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ!

ጋሼ ስክሪኑን አይተው ሳቁ። «በፈረንጅ 1969 እኮ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረበት ዓመት ነው፤ በኛ 1961። ያኔ ሰው የሚገዛው ሸክላ ነው። ካሴት የነገሠው በደርግ ጊዜ ነው።»

«69» ማለት 1969 ዓ.ም. ነበር። የቀይ ሽብር ዘመኑን ዘፈን ወስጄ ጃንሆይ ዘመን ጥጄዋለሁ።

ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። አሁን የተጻፈውን እንዳለ እገለብጣለሁ፤ «69» ከሆነ «69»። ጎኑ ላይ ሌላ ዓምድ ከፍቼ 1969 ዓ.ም.፣ ቀጥሎ 1976/77 እላለሁ። በኛና በፈረንጅ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ ወሩ ካልተጻፈ አንዱን መምረጥ አይቻልም። ዓመት መሆኑን ካልተማመንኩ ደግሞ ዓምዱን ባዶ እተወዋለሁ። ይህንን ያስተማረኝ «74» የሚል ካሴት ነው። ቁጥሩ ካሴቱን የሸጠው ሱቅ የመደርደሪያ ቁጥር ሆኖ ተገኘ።