አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጎን ስጭን ያቺን «የስ» ባልነካት ኖሮ

ላፕቶፔ 2ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ናት፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ባትሪዋ ከቻርጀር ስትነቀል 10 ደቂቃ አትቆይም። አዲስ ልግዛ እንዳልል ያሁኑን የላፕቶፕ ዋጋ ታውቁታላችሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 2018 ላይ ሲያበቃ ወደ 11 ልሂድ ብል ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ምናምን ይላል። የኔዋ በዚያ በር አታልፍም። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልጫን አልኩ፣ ግን ዊንዶውሱን ሳልነቅል ከጎኑ፣ ምክንያቱም የምሰራው በፒችትሪ ነው፣ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም፣ እሱ ደሞ የዊንዶውስ ነው፣ እህቴም የመመረቂያ ጽሁፏን እዚያው ላይ እየጻፈች ነበር።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። የሚንት ፋይሉ 3 ጊጋ አካባቢ ነው፣ በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩት፣ ሁለቴ ተቋርጦብኛልና ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ሳታዩ ወደ ፍላሽ እንዳታስገቡት። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ኮምፒውተሩ እንዲነሳበት አድርጌ ፍላሽ ላይ ጻፍኩት፣ ሲነሳ ኤፍ 9 ተጫንኩ፣ የናንተ ኤፍ 12 ሊሆን ይችላል። በቃ።

አሁን ወደ ጉዱ። የድሮ ላፕቶፖች ዲስካቸው ብዙ ጊዜ የተከፋፈለው ኤምቢአር በሚባለው አሰራር ነው፣ እሱ ደሞ ከ4 በላይ ፕራይመሪ ፓርቲሽን (ዋና የዲስክ ክፍል) አይቀበልም፣ አራት ነው ቁርጥ። የኔዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ አራቱም ተይዘዋል፦ ሲስተም የምትል ትንሽዬ፣ ሲ፣ ሪከቨሪ፣ እና የአምራቹ መሳሪያዎች ያሉባት ሌላ ሚጢጢ። ይሄን ያወቅኩት ግን ከተቃጠልኩ በኋላ ነው።

ዲስክ ማኔጅመንት ገብቼ ሲን ሽሪንክ አድርጌ 100 ጊጋ አስለቀቅኩ። እስከዚህ ጨዋ ነኝ። ያንን ባዶ ቦታ እንዳለ ትቼው ብወጣ ቢበዛ ሚንት ሲጫን «ይሄ ቦታ አይጠቅምም» ይለኝ ነበር፣ ያኔ አንዷን ሚጢጢ አጥፍቼ እገላገል ነበር። ግን እጄ መች አርፎ ይቀመጣል፣ ቀኝ ክሊክ አድርጌ አዲስ ቮልዩም ፍጠር አልኩት፣ ጭራሽ ስሙንም «ሊኑክስ» ብዬ ሰየምኩት። መሃል ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። ቤዚክ ዲስኩ (ተራው አከፋፈል) ወደ ዳይናሚክ (የዊንዶውስ የራሱ አከፋፈል) ይቀየራል፣ ከዚያ ወዲያ ከአሁኑ በስተቀር ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዚህ ዲስክ ማስነሳት አትችልም ይላል። እኔ የተነሳሁት ደሞ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልጭን ነው! ቁልጭ አድርጎ ነግሮኛልኮ። የስ አልኩት። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ «ዳይናሚክ» የሚለው ቃል የተሻለ ነገር መስሎኝ ነው መሰለኝ።

ክፋቱ ደሞ ወዲያው ምንም አይታይም፣ ዊንዶውሱ እንደወትሮው ተነሳ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ፍላሹን ሰካሁ። ሚንት በፍላሽ ሲነሳ ዋይፋዩም ድምጹም ሰራ። ልጫን ስል ግን ይሄ ኮምፒውተር ላይ ምንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም አላገኘሁም አለኝና ከላይ ያስቀመጠልኝ ምርጫ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን ነው። ማውሱ እዚያው ላይ ነበር። እማዬ «ቡና ደርሷል፣ ና» ብላ ባትጠራኝ ኖሮ የቤተሰቡ ፎቶም የእህቴ ጽሁፍም አብሮ ሄዶ ነበር።

በነጋታው አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ልጁ ስክሪኑን በደንብ ሳያይ «ፎርማት ነው» አለኝ። ወንድሜ ዳታ አለኝኮ ስለው «ባክአፕ ካልያዝክ የራስህ ጉዳይ ነው»፣ ዋጋውን ግን አስቀድሞ ጠርቷል። ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ እሱም ፎርማት። እዚህ ሀገር ላፕቶፕህ ቢሰረቅ እንኳን ፎርማት ይደረግ የሚሉህ ይመስለኛል።

ኦፊሴላዊው መልስም ከነሱ ብዙ አይሻልም፣ ወደ ቤዚክ ለመመለስ መጀመሪያ ሁሉንም ቮልዩም አጥፋ ነው የሚለው። ስለዚህ ከጓደኛዬ 1 ቴራ ኤክስተርናል ተዋስኩና 240 ጊጋ መገልበጥ ጀመርኩ። ዩኤስቢዋ 2.0 ናት፣ በሰከንድ 30 ሜጋ ብትሰጥ ነው፣ በስሌት ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በተግባር ግን ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ትንፏቀቃለች። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ከዚያች ባትሪ ጋር። ኮፒ ፔስት ሲቋረጥ የቱ ጋ እንደደረሰ አይታወቅም፣ እንደገና ከዜሮ። በሦስተኛው ሮቦኮፒን ተጠቀምኩ፣ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ያለቀውን እየዘለለ የቀረውን ይቀጥላል። እሱን ከመጀመሪያው ብጠቀም አንድ ሌሊት እተኛ ነበር።

ከዚያ ዲስኩን አጠፋሁ፣ ዊንዶውስ ከፊት፣ 100 ጊጋ ባዶ ቦታ ከኋላ፣ ሚንት እዚያ ላይ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቡት ሎደሩ (ሲነሳ ዊንዶውስ ወይስ ሚንት ብሎ የሚያስመርጠው) የት ይቀመጥ ብሎ ሲጠይቅ ፍላሹን ሳይሆን ዲስኩን መምረጣችሁን ሁለቴ እዩ።

ከተጫነ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። 20 ጊጋ ይበቃል የሚለውን አትስሙ፣ ከ60 በታች አትስጡት። ሚንት በተለያየ ገጽታ ይመጣል፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ሲናሞን የሚለውን አትጫኑ፣ ብሮውዘር ስትከፍቱ ታለቅሳለች፣ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢውን ውሰዱ። ዊንዶውሱ ላይ ፋስት ስታርታፕን (ቶሎ እንዲነሳ ብሎ ሙሉ በሙሉ የማይዘጋበትን) አጥፉ፣ ካልሆነ ሚንት ሲ ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ሰዓቱ ደሞ ወደ ዊንዶውስ በተመለስኩ ቁጥር 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀር ነበር። የፈረንጅና የሐበሻ የ6 ሰዓት ልዩነት ለምደነዋል፣ ይሄኛው የማን እንደሆነ ግራ ገባኝ፣ ለካ ሊኑክሱ የማዘርቦርዱን ሰዓት ከኛ በ3 ሰዓት በሚዘገየው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ስለሚያስቀምጠውና ዊንዶውስ የኛ ሰዓት መስሎት ስለሚያነበው ነው፣ ተርሚናል ላይ በአንድ መስመር ይስተካከላል። አማርኛ አይባስ በሚባል የመጻፊያ ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ በላቲን ፊደል ሰላም ብላችሁ ስትጽፉ ሰላም ይሆናል። የድሮ ቪዥዋል ግዕዝ ዶክመንቶች ግን ፎንቱን ካላመጣችሁ ትርጉም የለሽ ምልክት ነው የሚያሳዩት።

ኤክስተርናሉን ልመልስ ስሄድ ለጓደኛዬ ታሪኩን ነገርኩት። እሱም አንዴ ደርሶበት ቴስትዲስክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም የፓርቲሽን ቴብሉን መልሶ ጽፎ፣ ሳያጠፋ፣ ወደ ቤዚክ እንደመለሰው በተራው ነገረኝ። ቮልዩሞቹ ያልተቆራረጡ ተራ ቮልዩም ከሆኑ ይሰራል አለኝ፣ እናንተ ግን ባክአፕ ሳትይዙ እንዳትሞክሩት። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ብለው «ፊልም ልትገለብጥበት መስሎኝ ነው የሰጠሁህ» አለኝ።