የቤት ማመልከቻ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ውርጩ ዛሬም ቶሎ አልለቀቀም። ብርድ ልብስ ተከናንቤ የታናሽ እህቴን ማመልከቻ ሳነብ አረፈድኩ። አሜሪካ የምትማርበት ኮሌጅ ተማሪዎች በፍላጎታቸው ተሰባስበው የሚኖሩባቸው ቤቶች አሉት፤ አንዱ የፈረንሳይኛ፣ አንዱ የሙዚቃ፣ አንዱ የአካባቢ ጥበቃ። እሷ የመረጠችው አብረው አብስለው አብረው የሚበሉበትን ነው። (ሽንኩርት ስትከትፍ አይቻት አላውቅም፤ ይህን ለኮሌጁ አልናገርም።)

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ማን ምን ትወዳለህ አለኝ? በስም ፊደል ተራ ተደለደልን። ስድስታችንም ስማችን በ«ተ» ይጀምር ነበር፤ በር ላይ «ተስፋዬ!» ብሎ የተጣራ ሰው ሦስት አቤት ያገኛል።

እሷን ግን «ለቤቱ ምን ታበረክቻለሽ?» ይሏታል። ስለ አመራር ችሎታዋ ሁለት ገጽ ደርድራለች። አስጠፋኋት። እማዬ ገብስ ቆልታ በሶ ስታዘጋጅ፣ ቡና ሲፈላ ደግሞ በአጥር በኩል ጎረቤት ስትጠራ የነበረውን ጻፊ አልኳት። «ይህ ምን ይሠራላቸዋል?» ብላ ተከራከረችኝ።

ማምሻውን ደወለች። ልካዋለች። ከተቀበሏት በሶ እንድንልክላት ትፈልጋለች፤ አንድ ኪሎ አይበቃም አለች፣ ቤቱ 12 ሰው ነው።