የከበደን ካሶኒው ነው

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቻችንን በአሮጌ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይዤ ከአዲስ አበባ ግሽ ዓባይ ደርሼ ተመለስኩ። የእናቴ ስለት ነው ያስነሳን። ጥር 13፣ በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ዕለት፣ ግሽ ዓባይ ልትጠመቅ ከተሳለች አራት ዓመት አልፏት ነበር፤ "ስለት ሲያድር ወለድ ይይዛል" እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ። ከነዙረቱ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳሁ፤ ሰባት ቀን ፈጀብን።

ከመነሳቴ በፊት ያሳሰበኝ መንገዱ ብቻ ነበር። ዘይት ቀየርኩ፣ ቺንጋውንና የራዲያተሩን ውሃ አየሁ፣ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ትርፍ ጎማውን ሳይቀር አስነፋሁ፣ ክሪኩንም ግቢያችን ውስጥ ሞከርኩት። ፍሬኑን "ይይዛል" ብዬ አለፍኩት። ካሶኒው ውስጥ ያለው ሁለት ሻንጣ፣ ፍራሽና የስንቅ ከረጢት ብቻ ስለነበር ስለ ጭነት ማሰብ አልመጣልኝም። ባዶ ካሶኒ ጎጃም ገብቶ ባዶውን እንደማይወጣ ግን የእናቴ ልጅ ሆኜ ማወቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። እናቴ ፊት ተቀመጠች፤ ሎሚና ጤና አዳም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ሌሎቹ ከኋላ። መስኮት ዳር ማን ይቀመጥ በሚለው ጠብ ሱሉልታ ሳንደርስ ስለጀመረ ትልቋ ልጄ ተራ አውጥታ በእስክሪብቶ ጻፈች፤ በየሁለት ሰዓቱ ስንቆም ይቀያየራሉ። ከጉዞው ሁሉ ያለ እንከን የሠራው ይህ የእሷ ወረቀት ነው።

ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለምሳ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ስንደርስ እናቴ "ደጁን ሳልሳለምማ አላልፍም" አለች። ለአንድ ሰዓት የገባን ሦስት ሰዓት ቆየን። ማርቆስ የገባነው መሽቶ ነው። እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው መንገዱን በደብር ይቁጠር።

የዓባይን በረሃ ስንወርድ ግን ደልቶኝ ነበር። ጎሃ ጽዮን 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ድልድዩ ጋ ሲደረስ ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ተወርዷል። ብርድ ልብስ የተከናነቡት ልጆች ሹራባቸውን አውልቀው ጣሉ። ጆሯቸው ሲደፈን ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ አደለቻቸው፤ ሲያኝኩ ተከፈተላቸው። አፈሩ እየተንሸራተተ አስፋልቱን እንደ ምንጣፍ ያጣጠፈበት ቦታ አለ፤ እዚያ ቀስ ማለት ነው። በሁለተኛ ማርሽ ወርጄ፣ ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩትን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሬ፣ ኤሲ አጥፍቼ ደጀን ወጣሁ። ሞተሩ ሙቀት አልጨመረም። "ይቺ መኪና!" ብዬ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረግኩ። አለመኩራት ይሻል ነበር።

በማግስቱ ገሃድ ነው፤ ዓርብም ነው። በሶ በጥብጠን ጠጥተን ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አለፍን። ጥምቀትን እንጅባራ አካባቢ ከእናቴ ዘመዶች ጋር ዋልን፤ በቃና ዘገሊላ ልጆቹን ዘንገና ሐይቅ ወስጄ አሳየኋቸው።

ግሽ ዓባይ ለመሄድ ጥሊሊ ላይ ከአስፋልት ይወጣል። አቧራውን የምፈራው ከፊት ነበርና የካሶኒውን ሸራ በጋቢናው በኩል ጠፍሬ አስሬ ኋላውን ላላ አድርጌ ተውኩት። ለካስ መኪና ሲሮጥ አቧራውን ወደ ራሱ የሚስበው በኋላ በኩል ነው። ስንደርስ የእናቴ ነጭ የበዓል ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ የበሶ መልክ ይዟል። ምንም አላለችኝም። ዝም ማለቷ ባሰብኝ።

ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዘመን በኋላ ሳይርሱ እንደተቀበሏቸው ይተረካል፤ እናቴ ሌሊቱን ስትተርከው የሰሙት ልጆቼ ትልቅ ወንዝ ጠብቀዋል። ምንጩን ሲያይ መካከለኛው "ይሄ ነው ያን ሁሉ ገደል የቆፈረው?" አለ። ተጠመቀች፤ ባለ ሦስት ሊትር ጀሪካን ሞላች፤ ከዚያ ወዲያ ጀሪካኑ ከጭኗ አልወረደም።

መከራችን የጀመረው ልንመለስ ስንል ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ መጣ። እምቢ ማለት ነውር ነው። አንድ ኩንታል ተኩል ድንች ተከተለ። ማር በእንስራ። ከዚያ ሙክት! ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አውጥቼ ስደምር ገና አላለፍኩም፤ ግን የስድስት ሰውና የሻንጣ ክብደትም እዚያው ውስጥ እንደሚቆጠር ባለቤቴ አስታወሰችኝ። ይህን ስናሰላ የእናቴ አጎት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ መሄድ ፈልገዋል።

"ጋቢና ሞልቷል፣ አባባ" አልኳቸው።

"ጤፉ ላይ እቀመጣለሁ፤ ምን ቸገረህ?"

"ካሶኒ ላይ ሰው መጫን ሊብሬው አይፈቅድም።"

"ሊብሬ ማነው? የማን ልጅ ነው?"

ሳቅ አመለጠኝ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም፤ "አጎቴን ሜዳ ላይ ልትጥለው ነው?" አለች። ባለቤቴ ናት ያተረፈችኝ፤ የአውቶቡስ ሂሳብ ከስንቅ ጋር ቋጥራ ሰጠቻቸውና መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሸኘቻቸው። አሁን በፒክአፕ አገር ቤት ስሄድ ከነዳጅ ብር ለይቼ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አስቀምጣለሁ።

ጭነቱን ደግሞ እንደ መጣበት ቅደም ተከተል ነው የጫንኩት። ድንቹ ኋለኛው መዝጊያ ጋ ሆነ። ባሌስትራው ተለጠጠ፣ አፍንጫዋ ቀና አለ፣ መሪው ቀለለኝ። ሲመሽ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራርቅብኛል፤ ለካ የእኔ መብራት ዓይናቸውን ነው የሚወጋው። ማርቆስ አድረን ጠዋት ጫኝ አውራጆች ጠርቼ ጤፉንና ድንቹን ወደ ጋቢናው አስጠግቼ፣ ቀላሉን ወደ ኋላ አደረግኩት። መሪው ተመለሰ። አራት ሰዓት ላይ ደጀን ደረስን።

ወደ በረሃው ስንወርድ ስንመጣ እንዳደረግኩት ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። መኪናዋ ግን ያቺ መኪና አይደለችም፤ ጭነቱ ይገፋታል። በየጠመዝማዛው ፍሬን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ፣ እይዛለሁ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ። እናቴ "ሙክቱ ነው" አለች። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነና ወደ ታች ወረደ። ፍሬኑን እየደጋገምኩ ረግጬ፣ አንደኛ ማርሽ አስገድጄ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ ሰፋ ያለ ዳር ላይ አቆምኳት። ልጆቹን በገደሉ ተቃራኒ በኩል አወረድናቸው፤ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፍን። የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ።

ውሃ ላፈስበት ጀሪካን ሳነሳ ከኋላችን የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር "ተው! ተው!" እያለ ሮጠ። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። "ተወው፣ ራሱ ይብረድ። አንድ ሰዓት። ከዚያ በአንደኛ ውረድ፤ ፍሬን ለማቆሚያ ብቻ። በምትወጣበት ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ማን ነው ያስተማረህ?" አለኝ። ልጆቼ ፊት ነው የተናገረኝ፤ ዋጥኩት።

ሙቀቱ ከባድ ነው። ዝንጀሮዎቹ ሙክቱን ሊያዩ ቀረብ ቀረብ ይላሉ። እናቴ ወረደችና የጸበሉን ክዳን መክፈት ጀመረች።

"እናቴ፣ ውሃ አይነካም አልኩ እኮ" አለ ሹፌሩ።

"ይሄ ውሃ ነው እንዴ?" አለችና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቦኔቱን ብቻ አሻሸችው። ሹፌሩ ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ወደ ራሱ መኪና እያሳየ "እንግዲህ ለእኔም" አላት።

አዲስ አበባ ስንገባ መካኒኩ የፍሬን ሸራዎቹን ፈታቸው፤ እንደ መስታወት ያበራሉ። አገላብጦ አያቸውና "ጎጃም ነበርክ?" አለኝ። ከየት እንዳወቀ ስጠይቀው በመፍቻው ካሶኒው ጥግ የተበተነውን ጤፍ አሳየኝ።