ጫካ ለመግባት ይከፈል?

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ከኮምቦልቻ ወደ የጎፍ ደን ወጥተን ነበር። የጎፍ በአገር ደረጃ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ደኖች አንዱ ነው። ጥዱና ወይራው ሥር አረፍ እንዳልን ሙግት ተነሣ፤ ለመዝናናት የሚመጣ ሰው መግቢያ ይክፈል ወይስ አይክፈል? «ካልተከፈለ ማን ይጠብቀዋል?» አለ አንዱ። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሰምተውን ቆሙ። «እኛስ ልጆቼ፣ ለመንገዳችን ልንከፍል ነው?»

ለእርሳቸው የሚሆን መልስ ሳይኖረን ስለ ክፍያ ማውራት ነውር መሰለኝ።

አሜሪካውያን በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተሟግተዋል። በብሔራዊ ደኖቻቸው ክፍያ በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ተቃውሞው ብርቱ ነበር። በ2004 የወጣው ሕግ ገደብ አበጀለት፦ መኪና ስላቆመ ብቻ፣ ወይም አገልግሎቱን ሳይጠቀም በእግሩ ስላለፈ ማንም አይከፍልም። መደበኛው ክፍያ የሚጠየቀው መጸዳጃ ቤት፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛ፣ ገላጭ ጽሑፍ፣ መኪና ማቆሚያና ጥበቃ በተሟሉበት ቦታ ነው። በመርህ ደረጃም ከገቢው ቢያንስ 80 በመቶው ለተሰበሰበበት አካባቢ ይውላል።

እኔን የገዛኝ ይህ የመጨረሻው ነው። እኔ እከፍላለሁ፣ በደስታ። ነገር ግን ገንዘቡ እዚያው ችግኝ ሲሆን፣ ለአካባቢው ወጣት የጥበቃ ደመወዝ ሲሆን ልየው። መጸዳጃ ቤት ሳይሠሩ ገመድ ወጥረው ትኬት መቁረጥን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የተራራው ሥር ነዋሪም ከክፍያው ነጻ ይሁን፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው እነርሱም ስለጠበቁት ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?